ሸክላ ሲዲን የሚያስንቀው መቼ ነው?

የድሮ ሸክላ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ለገዢው የሚነግረው አንድ የማይለወጥ ቃል አለው። የሸክላ ድምፅ ሕይወት አለው፤ ሲዲ ግን ደረቅ ነው ይላል። ይህን አምኖ ከአዲስ አበባ ሸክላና ማጫወቻ የገዛ ሰው፣ በተለይም ዕቃውን ከጎሬ ደጋ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ የሚያወርድ ከሆነ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያጓጉዘው ገንዘቡን ነው። ስለሆነም የነጋዴው አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን ከመክፈሉ በፊት ማጣራት ይገባዋል።

መልሱ «አንዳንዴ እውነት ነው» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ነጋዴው የሚናገረው አይደለም። ሸክላ ከሲዲ የተሻለ ድምፅ የሚሰጠው ዕቃው ራሱ ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ በሁለቱ ላይ የተጫነው ሙዚቃ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት ከሌላው አገር ይልቅ ይሰፋል።

ሸክላ ሞቶ ተቀብሮ ነበር የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም። ገበያው ግን ተመልሶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ወደ 41 ሚሊዮን የሚጠጋ ሸክላ ሲሸጥ የተሸጠው ሲዲ 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከገዢዎቹ ውስጥ የኢትዮጵያን የ1960ዎቹና የ70ዎቹን ሙዚቃ አሳደው የሚሰበስቡ የውጭ አገር ሰዎች ይገኙበታል። ለአንዳንድ የመጀመሪያ ኅትመቶች በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ።

በቅድሚያ ሁለቱን ዕቃዎች ማወዳደር ያስፈልጋል። ሲዲ በሶኒና በፊሊፕስ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለ ነው። ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልክ በ16 ቢት ቁጥር ይመዘግባል። በዚህ አሠራር የሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለው እስከ 20,000 ኸርዝ ያለው ድምፅ በሙሉ ይያዛል። በጣም ጸጥ ባለውና በጣም በሚጮኸው ድምፅ መካከል ያለው ስፋት ወደ 96 ዲሲብል ይደርሳል። በደንብ የታተመ ሸክላ በአንፃሩ ከ60 እስከ 70 ዲሲብል ቢያስመዘግብ ነው።

«ሲዲ ድምፁን ቆራርጦ ስለሚይዝ በመካከሉ የሚጠፋ ነገር አለ» የሚለው ወሬ በስፋት ይነገራል። ትክክል አይደለም። ማጫወቻው ቁጥሮቹን ሲያነብ የሚያወጣው እንደ ደረጃ የተሰባበረ ሳይሆን ለስላሳና ያልተቋረጠ ሞገድ ነው፤ በተወሰነለት ወሰን ውስጥ የነበረውም ድምፅ ሳይጎድል ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ከሲዲ የላቀ ጥራት አለው የተባለን ቅጂ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሲዲ ልክ አሳልፈው ለአድማጮች አሰሙ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276ቱ ብቻ ነበር። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት አይለይም።

ታዲያ ሸክላው ለምን ይጥማል?

አንደኛው ምክንያት የጩኸት ውድድር ነው። ሰው ሁለት ዘፈን አከታትሎ ሲሰማ ትንሽ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስለዋል። ይህን የተረዱ አሳታሚዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሲዲ ሙዚቃቸውን እያስጮኹ ሄዱ። ሲዲ ከጣሪያው በላይ ሊጮኽ ስለማይችል ያላቸው አማራጭ ጸጥ ያለውን ክፍል ከፍ አድርጎ ጎላ ያለውን መጨፍለቅ ነበር። ውጤቱ ሁሉም በአንድ ልክ የሚጮኽበት፣ እፎይታ የሌለበት ሙዚቃ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ያስደስታል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ጆሮ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ ያወጣው አልበም የዚህ ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ይኖራል። የዚያኑ አልበም ዘፈኖች በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ የሰሙ ደንበኞች የጨዋታው ቅጂ ከሲዲው የጠራ ሆኖ ስላገኙት ተቃውሞ አሰምተዋል።

ጉዳቱን በአገር ቤት መሣሪያ ማየት ይቻላል። አኙዋዎች በአውራ ጣት የሚመቱት ቶም የሚባል መሣሪያ አላቸው። እያንዳንዱ ምላስ ሲነካ በስለት ይጀምራል፣ ወዲያውም ይጠፋል፤ የመሣሪያው ውበት ያለው በዚህ አነሳስና አጠፋፍ መካከል ነው። አነሳሱ ተጨፍልቆ ጭራው ከፍ ሲደረግ የሚቀረው የተድበሰበሰ ድምፅ ነው። ክራርም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። በአግባቡ የተዘጋጀ ሲዲ ይህን ሁሉ ሳያጎድል ይይዛል፤ ከሸክላም ይልቅ ይይዛል። ጥፋቱ የሲዲው ሳይሆን ያዘጋጀው ሰው ነው።

ሸክላ ላይ ያን ያህል ማስጮኽ አይመችም። ሸክላው ላይ ያለው ድምፅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦይ ነው፤ መርፌው በቦዩ ውስጥ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ቦዩ ይሰፋል፣ ቦታ ይበላል፣ ሲብስም መርፌውን ያዘልላል። ቀጭኑና የሚያፏጨው ድምፅ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ መርፌው መከተል ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት ለሸክላ የሚዘጋጅ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በጥንቃቄ ይገራል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ለሲዲ የተጨፈለቀውን ቅጂ እንዳለ ወስዶ ዝቅ አድርጎ ሸክላ ላይ የሚያትም አሳታሚም አለ። ይህን የገዛ ሰው ያገኘው ትልቁን ሽፋን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሸክላው ራሱ የሚጨምረው ነገር ነው። መርፌና ቦይ ሲነካኩ ሙዚቃውን በጥቂቱ ያዛባሉ። የግራና የቀኙ ድምፅ ትንሽ ይቀላቀላል፣ ከሥር የማያቋርጥ ስስ ሹክሹክታ አለ፣ ለዋናው ድምፅ በስምምነት የሚቀርቡ ተጨማሪ ድምፆችም ይፈጠራሉ። በመሣሪያ ሲለካ ጉድለት ነው። ለብዙ ጆሮ ግን ይህ ጉድለት «ሙቀት» ሆኖ ይሰማል። ወጥ በሸክላ ድስት ሲሠራ ይጥማል የሚል ሰው ድስቱ የራሱን ነገር ጨመረ ብሎ አይከስም፤ ይኸኛውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አድማጩ ወደድኩት ካለ ወዶታል። ነገር ግን ወደ ዋናው ሙዚቃ የቀረበው ሸክላው ነው ካለ ያ ሌላ ክርክር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ስንመጣ ክርክሩ መልኩን ይቀይራል።

የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ሸክላ የገባው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር በተቀረጹበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ሥራ በ1940ዎቹ ማብቂያ ለሀገር ፍቅር ማኅበር በብቸኝነት ተሰጥቶ ቆየ። ይህን ደፍሮ የሰበረው አምሃ እሸቴ ነው። አምሃ በ1969 የራሱን የአምሃ ሪከርድስ ድርጅት አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ትናንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። ፊሊፕስም ነበር፤ ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። ፈረንሳዊው አጥኚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በዚያ ዘመን በአገሪቱ የወጡትን ሸክላዎች ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽና ወደ 30 የሚሆኑ ትልልቅ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ቁጥሩ ለአንድ አገር ጥቂት ነው። ውድነታቸውም አንዱ ከዚህ የመጣ ነው።

ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። ቅጂው በክር ይላካል፣ የታተመው ሸክላ በሳጥን ይመለሳል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። የምሽት ሕይወቱ በሰዓት እላፊ ተዘጋ፣ ካሴትም ገበያውን ወረሰ። 1970ዎቹ ሳያልቁ ሸክላ ማሳተም ቆመ። ካሴት ርካሽ ነበር፣ በማንኛውም ቴፕ ይጫወታል፣ ከሁሉም በላይ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊገለብጠው ይችላል። ከተገለበጠው ደግሞ ሌላው ይገለብጣል። በእያንዳንዱ ግልበጣ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይዋዥቃል። ወደ ክፍለ ሀገር የሚወርደው ካሴት የስንተኛ ትውልድ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

በኋላ ሲዲ ሲመጣ የአንድን አሮጌ ዘፈን ሲዲ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው የስቱዲዮ ክር ነው። ክሩ የተገኘለት ዘፈን ዕድለኛ ነው። ያልተገኘለት ከሸክላ ወይም ከካሴት ይገለበጣል። ከሸክላ የተገለበጠ ሲዲ የሸክላውን ጭረት ጭምር ይዞ ይመጣል፤ ያንን ለማጽዳት የሚሞክር ባለሙያ ሹክሹክታውን ሲያጠፋ የጸናጽሉን ጥራትና የዘፋኙን ትንፋሽ አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሲዲ ንጹሕ ከሆነ ዋና ሸክላ ጋር አስቀምጦ የሚያወዳድር ሰው ሸክላው ይበልጣል ቢል ተሳሳትክ ሊባል አይችልም። ሸክላው እናት ነው፤ ሲዲው የልጅ ልጅ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። በመንገድ ዳር የተሸጠው «ሲዲ» አብዛኛውን ጊዜ ሲዲ ያሰኘው ቅርጹ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ዘፈኑን ቦታ እንዳይበዛበት ወደ ኤምፒ3 ያጠበዋል። ኤምፒ3 ጆሮ አይሰማውም ተብሎ የሚገመተውን ይጥላል፤ በጣም ሲጠብ ደግሞ የሚሰማውንም መጣል ይጀምራል። ያንን ፋይል ባዶ ዲስክ ላይ ሲያቃጥሉት የተጣለው ተመልሶ አይመጣም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ መብቱ በሕግ ቢጠበቅም ግልበጣው በአንድ ጊዜ አልቆመም። እንግዲህ ብዙ ኢትዮጵያዊ «ሲዲ ድምፁ ደረቅ ነው» ብሎ የፈረደው ይህን ሰምቶ ነው። ሲዲ የሚባለውን ዕቃ በትክክል ሰምቶት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

በጥንቃቄ የተሠሩ ሲዲዎች ግን አሉ። ፋልሴቶ ያዘጋጀውና ፈረንሳይ አገር ያለው ቡዳ ሙዚክ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ያወጣው «ኢትዮፒክስ» ስብስብ በዓለም ላይ የዚህን ሙዚቃ ገበያ የከፈተ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ አለማየሁ እሸቴና ጌታቸው መኩሪያ በውጭ አድማጭ ዘንድ የታወቁት በአብዛኛው በሲዲ ነው እንጂ በሸክላ አይደለም። ሲዲን የሚንቁ ሰብሳቢዎች ይህን ቢያስታውሱ አይከፋም።

የተገላቢጦሹም ይሠራል፤ ሸክላ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ዋና አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የሠራው ሙዚቃ የወጣው በካሴት ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያወጣው በሸክላም ታተመ። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ገዢውም አላጣም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ይህ ሙዚቃ ሸክላ ላይ ታትሞ አያውቅምና ከሸክላው የሚወጣው ሙቀት የካሴት ነው። ዛሬ እንደገና የሚታተሙ አብዛኞቹ ሸክላዎችም መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተር ገብተው በዲጂታል መንገድ ተዘጋጅተው የሚወጡ ናቸው።

በዚህ ረገድ ብዙ ያነጋገረው በ2022 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነገር ነው። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለ በጥራቱ የተከበረ አሳታሚ ዲጂታል ሳይነካቸው ከዋናው ክር በቀጥታ የተቀረጹ ናቸው ተብለው በውድ የሚሸጡት ሸክላዎቹ፣ ብዙዎቹ ለዓመታት በዲጂታል ቅጂ አልፈው ሲታተሙ እንደነበር ታወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለገዢዎች ካሳ በመክፈል በስምምነት ተቋጨ። የሚያስገርመው ዲጂታል በጭራሽ አይስማማኝም፣ ጆሮዬ ወዲያው ይለየዋል የሚሉ አድማጮች እነዚያኑ ሸክላዎች በዓለም ካሉት ምርጦች ጋር ሲመድቧቸው መቆየታቸው ነው።

ስለዚህ ገዢ ሸክላ ወይስ ሲዲ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ይህኛው ከምን ተገለበጠ ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ሽፋኑ ላይ የታተመበትን ዓመትና አሳታሚ ማየት፣ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ጭረቱን መመርመር፣ ጥልቁን ጭረት በጥፍር መዳሰስ (ጥፍር የያዘው ጭረት መርፌውንም ይይዘዋል)፣ የመጨረሻውን ዘፈን ማስጫወት። የመጨረሻውን የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ሲዞር መርፌው በዳር በኩል በሴኮንድ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ቦይ ያነባል፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያንኑ ሙዚቃ በግማሽ ባነሰ ቦታ ስለሚያጭቀው መበላሸቱ ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው። ሁለት ቅጂ የሚያወዳድር ሰውም ድምፃቸውን እኩል አድርጎ ይስማ፤ አለዚያ የሚጮኸውን ይመርጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው የጋምቤላ ገዢ የራሱ ሂሳብ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በበጋው ማብቂያ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ መለስለስ ይጀምራል። ይህን ያህል ሙቀት ፀሐይ ላይ በቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ባሮ ድልድይ ዳር ለምሳ ሲቆም መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ተጣሞ ሊገኝ ይችላል፤ የተጣመመን ሸክላ ደግሞ ማቃናት አስቸጋሪ ነው። ሲዲ በዚህ በኩል ጠንካራ ነው። ቤት የተቃጠለው ዲስክ ግን ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ስለሚበላሽ ለጥቂት ዓመት ዘፍኖ ዝም ሊል ይችላል።

መብራትም አለ። ብዙ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻዎች የሚዞሩበትን ፍጥነት የሚወስዱት ከመብራቱ ምት ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ በሴኮንድ 50 ነው። መብራት ጠፍቶ በትንሽ ጄኔሬተር ሲሠራና ምቱ ወደ 47 ሲወርድ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። አድማጩ ጥላሁን ገሠሠ የደከመው ሊመስለው ይችላል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማጫወቻ ደግሞ ለ60 ምት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምቱን አይቀይርም። ሸክላው በ33 ፈንታ በ28 ገደማ ይዞራል፣ ዘፈኑም ከልኩ አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ወርዶ ይጎተታል። እንዲህ ዓይነት ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ 50 የሚል ቁጥር መኖሩን ያረጋግጥ፤ ወይም ፍጥነቱን በራሱ የሚቆጣጠር ሞተር ያለውን ይምረጥ። የሲዲ ማጫወቻ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከራሱ ከውስጥ ሰዓት ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

የቀረው አቧራና እርጥበት ነው። ሸክላ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ አይነባበርም፤ ተነባብሮ በሙቀት ከቆየ ከሥር ያለው ይጣመማል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ይልቅ ዝቅ ያለና ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይሻለዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የወረቀቱ ሽፋን ስለሚሻግት አልፎ አልፎ አውጥቶ ማናፈስ፣ መርፌውንም ከሸክላዎቹ ብዛት ጋር አስቦ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል። ያለቀ መርፌ ዋናውን ሸክላ በአንድ ጨዋታ እንኳ ሊጎዳው ይችላል፤ ጋምቤላ ሆኖ መርፌ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅም አለ።